አክተሩ ሞተ

ለእኛ ለሰፈሩ ልጆች የሕንድ አክተር ስሙ አንድ ነበር፤ ቪጃይ። አሚታብ ባቻን የሚባል ሰው መኖሩን ያወቅነው ኋላ ነው። ረጅሙ፣ ቀጭኑ፣ ጸጉሩ ጆሮውን የሸፈነው፣ ዓይኑ ሁልጊዜ የተቀየመ የሚመስለው ሰውዬ ባየነው ፊልም ሁሉ ቪጃይ ይባል ስለነበር እናቱ ያወጣችለት ስም ይኸው ነው ብለን ነበር።

አገሩ ድሬዳዋ ነው። ጊዜው ቪዲዮ ቤት ገና ብርቅ የሆነበት፣ ማጫወቻውም ካሴቱም ከጅቡቲ በባቡር በኮንትሮባንድ የሚገባበት ዘመን። ከቤታችን ልጆች ሳንቲም የሚያገኘው ታላቅ ወንድሜ ብቻ ስለነበረ እሱ አይቶ ይመጣል፤ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ግቢ ውስጥ አልጋ ዘርግተን በተኛንበት ለእኛ ይተርካል። ሂንዲ አይችልም። ከሥር የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍም አንብቦ የሚጨርስበት ፍጥነት አልነበረውም። ትረካው ግን አንዳች አይጎድለውም። ቡጢውን በአፉ ያሰማል፣ ዘፈኑን ያንጎራጉራል፣ እናትየው ስታለቅስ ድምፁን ያሰልላል። አንዳችን ካሸለብን "አቦ ስሙኝ እንጂ!" ብሎ ይቆጣል።

ዛንጂር የሚባለውን ፊልም ታሪክ የሰማሁት እንደዚህ ነው። ሕፃኑ ቪጃይ በዲዋሊ በዓል ሌሊት፣ ርችቱ እየተተኮሰ፣ እናትና አባቱ ሲገደሉ ተደብቆ ያያል። ከገዳዩ ያየው ነጭ ፈረስ የተንጠለጠለበትን የእጅ ሰንሰለት ብቻ ነው። አድጎ የፖሊስ ኢንስፔክተር ይሆናል፤ ነጩ ፈረስ ግን ከሕልሙ አይወጣም። አንድ ቀን ሼር ካን የሚሉት የሰፈር ጉልበተኛ ጣቢያ ተጠርቶ ይመጣና ሊቀመጥ ሲል ቪጃይ ወንበሩን በእርግጫ ይለዋል። ቤትህ መሰለህ እንዴ፣ ቁም! ወንድሜ እዚህ ላይ ሲደርስ በርጩማ ካልመታ ነገሩ አይሳካለትም ነበር፤ በርጩማ ከሰበረ በኋላ እናታችን የዛንጂርን ትረካ ከለከለች።

ነገሩ ለምን እንደዚያ እንደያዘን የገባኝ ካደግሁ በኋላ ስለ ፊልሞቹ ሳነብ ነው። ዛንጂር የወጣው በ1973 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሚናውን ስም ያላቸው ተዋንያን ሳይቀበሉት ቀርተው ነው ፊልሞቹ ተከታትለው ለከሰሩበት ለአሚታብ የደረሰው። ጸሐፊዎቹ ሳሊም ካንና ጃቬድ አክታር ከዚያ በኋላ በዚያ ስም ጨከኑበት። ዲዋር፣ ትሪሹል፣ ዶን፣ ካላ ፓትር፣ ዶስታና፣ ሻን፣ ሻክቲ፤ በእነዚህ ሁሉ አሚታብ ቪጃይ ነው። ዶን ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ሲሠራ እንኳ ወንጀለኛው ዶን ነው፤ እሱን መስሎ የሚገባው ምስኪን ቪጃይ። ሕንድ በዚያን ጊዜ ኑሮ የተወደደባት፣ የተማረ ወጣት ሥራ አጥቶ የሚንከራተትባት አገር ነበረች፤ በ1975 ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። ተመልካቹ የሚያፈቅርና የሚዘፍን አክተር ሰልችቶት የሚቆጣ ሰው ይፈልግ ነበር። ድሬዳዋ ሆነን ይህን ሁሉ ባናውቅም ቁጣው ያለ አስተርጓሚ ደርሶናል።

የልጅነት ሕጋችን የማይናወጥ ነበር፤ አክተር አይሞትም። ጥይት ቢያገኘው ትከሻው ላይ ነው። ከፎቅ ቢወድቅ ጭድ ላይ ያርፋል። ይህን ሕግ ያፈረሰው ዲዋር ነው።

ዲዋርን ወንድሜ ሳይተርክልኝ ራሴ አየሁት። የቪጃይ አባት የሠራተኞች መሪ ነበር፤ ባለሀብቶቹ ቤተሰቡን አግተው ያስፈርሙትና በውርደት ከአገር ይጠፋል። ሰዎች ትንሹን ልጅ ይይዙና አባቴ ሌባ ነው የሚል ጽሑፍ ክንዱ ላይ ይነቅሱታል። ልጁ ቦምቤይ ወደብ ላይ ሸክም ተሸካሚ ይሆናል። የሥራ መለያው ቁጥር 786 ነው፤ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ የወደብ ሠራተኛ ይህ የቢስሚላህ ቁጥር ነው፣ ጠብቀው ይለዋል፤ እውነትም አንድ ቀን ከጥይት ያድነዋል። ቪጃይ ቤተ መቅደስ አይገባም፤ እናቱ ስትሳለም እሱ ደረጃው ላይ ይጠብቃታል። እሱ ወደ ኮንትሮባንድ ይገባል፤ ታናሽ ወንድሙ ራቪ ፖሊስ ይሆናል። ስለ ኮንትሮባንድ ነጋዴ የተሠራውን ፊልም በኮንትሮባንድ ካሴት ማየታችን ያኔ አላሳቀንም። መጨረሻ ላይ የሚተኩስበት የገዛ ወንድሙ ነው። ቪጃይ ደሙን እያንጠባጠበ ሲሸሸው የኖረው ቤተ መቅደስ ይደርስና በእናቱ እቅፍ ይሞታል።

ቪዲዮ ቤቱ ፀጥ አለ፤ ቀጥሎ ጫጫታ ሆነ። ካሴቱ ተቆርጧል የሚሉ ነበሩ። ሁለተኛ ክፍል አለው፣ ሐኪም ያድነዋል የሚሉም ነበሩ። አንዱ ገንዘቡ እንዲመለስለት ጠየቀ። እኔ ወንድሜን ቀና ብዬ አየሁት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተርከው ጠፍቶት ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ የሒሳብ መምህራችን ሕንዳዊ ነበሩ። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ካስተማሩት ሕንዳውያን ብዙዎቹ ከኬረላ የመጡ ናቸው፤ እሳቸውም የኬረላ ሰው ነበሩ፣ አንገታቸው ላይ መስቀል ያሰሩ ክርስቲያን። ሰር እንላቸዋለን። አሚታብን አይወዱም። ሰሌዳው ላይ በትልቁ ቪጃይ ተብሎ ተጽፎ ባገኙ ቀን እንደ ልማዳቸው ይቆጣሉ ብለን ስንጠብቅ "የትኛው?" አሉን። መልስ ስናጣ ጠመኔ አንስተው ከስሙ ሥር 13,470 ብለው ጻፉ።

ቪጃይ መርቸንት የሚባል የክሪኬት ተጫዋች ነው አሉን። በከፍተኛ ደረጃ ጨዋታዎች ይህን ያህል ነጥብ አግብቷል፤ 234 ጊዜ ለመምታት ገብቶ 46 ጊዜ ሳያስወጡት ጨርሷል፤ አማካዩን አውጡ። ከ234 ላይ 46 ሲቀነስ 188 ይቀራል፤ 13,470 ለ188 ሲካፈል 71.64 ከትርፍራፊ ጋር ይመጣል። ከአውስትራሊያዊው ዶናልድ ብራድማን በቀር በዚህ የሚበልጠው የለም ሲሉ ሰር ራሳቸው ያስመዘገቡት ይመስሉ ነበር። ኳስ በዱላ እየተመታ ያለ ውጤት አምስት ቀን የሚያልቅበት ጨዋታ ምን እንደሚጥም አንዳችንም አልገባንም። አማካይ ማውጣት ግን ከዚያ ቀን በኋላ የተሳሳተ አላስታውስም።

ቀጥለው ስለ ሌላው ቪጃይ፣ ስለ ሐዛሬ ነገሩን። በጥር 1948 አደሌድ ከተማ ላይ ከብራድማን አውስትራሊያ ጋር ሲጫወት በአንድ ግጥሚያ መጀመሪያ 116፣ ቀጥሎ 145 አስቆጠረ። ሕንድ ግን በሰፊ ልዩነት ተሸነፈች። ይኸው ሰው በ1952 ማድራስ ላይ አምበል ሆኖ እንግሊዝን አሸነፉ፤ ሕንድ በአገሮች ይፋዊ ግጥሚያ መጫወት ከጀመረችበት ከ1932 ወዲህ የመጀመሪያዋ ድል ነበር። ሃያ ዓመት!

የስሙን ትርጉም የነገሩንም ያኔ ነው። በሳንስክሪት ድል ማለት ነው። ክፍላችን ውስጥ አሸናፊ የሚባሉ ልጆች ስለነበሩ ሁላችንም ዞረን አየናቸው፤ በሒሳብ ሲሸነፉ እንጂ ሲያሸንፉ አላየንምና ተሳቀ። ሰር አልሳቁም። ከማሃባራታ አንድ ታሪክ ነገሩን። ታላቁ ተዋጊ አርጁና በስደት የመጨረሻው ዓመት በአንድ ንጉሥ ቤት የሴት ልብስ ለብሶ፣ ስሙን ቀይሮ፣ ዳንስ ያስተምራል። የጠላት ጦር ሲመጣ የንጉሡ ልጅ ፈርቶ ሊሸሽ ይላል፤ አርጁና ይይዘውና ማንነቱን ይገልጥለታል። ልጁ አላመነም። እውነት አርጁና ከሆንክ አሥሩን ስሞችህን ንገረኝ ይላል። ከአሥሩ አንዱ ቪጃያ ነው፤ ወደ ጦርነት ሄዶ ሳያሸንፍ ስለማይመለስ። ክርስቲያኑ መምህራችን የሂንዱዎችን መጽሐፍ በዚያ ዓይነት ፍቅር ሲተርኩ መስማቴ ከታሪኩ እኩል ደንቆኛል። አሥሩንም ስሞች በጣታቸው እየቆጠሩ ጠሯቸው፤ ደወሉ ተደውሎ ማንም አልተነሣም።

ከዚያ በኋላ ቪጃይን በየቦታው ማግኘት ጀመርሁ። የጄምስ ቦንድ ፊልም ኦክቶፐሲ (1983) ላይ ሮጀር ሙር ኡዳይፑር ሲደርስ እባብ የሚያስጨፍር ሰው ዋሽንቱን ይዞ ይቀበለዋል፤ የሚነፋውም ራሱን የቦንድን ዜማ ነው። ስሙ ቪጃይ። በባለ ሦስት እግሩ ታክሲ ቦንድን አስመልጦ ጠላቶቹን በቴኒስ ራኬት ይደበድባል። ራኬቱን ያለ ምክንያት አልያዘም፤ ተዋናዩ ቪጃይ አምሪትራጅ በ1973 እና በ1981 ዊምብልደን ሩብ ፍጻሜ የደረሰ የማድራስ ልጅ ነው። ፊልሙ ውስጥ ብዙም አይቆይም፤ ይገደላል። እኛም "ቪጃይ ከሆነማ መሞቱ አይቀርም" ብለን ተሳሳቅን።

ስለዚህ ሰው ከፊልሙ በላይ ያከበርሁት ነገር አለ። በ1974 ሕንድ ለዴቪስ ካፕ ፍጻሜ ደረሰች፤ አምሪትራጅ በቡድኑ ውስጥ ነበር። ተጋጣሚዋ የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ሆነች። ሕንድ አንጫወትም አለች፤ ዋንጫው ኳስ ሳይመታ ለደቡብ አፍሪካ ተሰጠ። ድል የሚል ስም ይዞ፣ በጉልምስናው ጫፍ ላይ፣ ፍጻሜውን ሳይጫወት መተው! እኔ ብሆን መንግሥቴን እረግም ነበር። ውሳኔው ግን ትክክል ነበር።

አምሪትራጅ ክርስቲያን ነው። የታሚሎችን ሲኒማ ያጥለቀለቀው፣ በ2024 የራሱን ፓርቲ ያቋቋመው ቪጃይም ስሙ ጆሴፍ ቪጃይ ነው። ስሙ ከሂንዱ መጻሕፍት ወጥቶ የሁሉም ሆኗል። ሴቶችም ቪጃያ ይባላሉ፤ በ1953 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤን በፕሬዚዳንትነት የመራችው የመጀመሪያዋ ሴት የጠቅላይ ሚኒስትሩ የኔህሩ እኅት ቪጃያ ላክሽሚ ፓንዲት ናት። የሕንድ ጦር እንኳ በ1961 ጎዋን ከፖርቱጋሎች ሲያስለቅቅ ዘመቻውን ቪጃይ ነው ያለው። ባሕርም ተሻግሯል። እንግሊዞች ከ1879 ጀምሮ ለሸንኮራ አገዳ ሥራ በውል ሕንዳውያንን ባጓጓዙባት በፊጂ የተወለደው ቪጃይ ሲንግ በ2004 በአንድ ዓመት ዘጠኝ ውድድር አሸንፎ ታይገር ዉድስን ከዓለም የጎልፍ አንደኝነት አወረደው። ስሙን በደንብ የሠራበት እሱ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ለእኔ ልብ ቅርብ አይደለም። ጎልፍ እንደ ክሪኬት የሚያስረዳኝ ሰር አላገኘሁለትም።

ለልቤ ቅርብ የሆነውን ቪጃይ መጨረሻ ላይ ነው ያገኘሁት፤ እሱ ግን ከሁሉም ይቀድማል። ፕያሳ ይባላል ፊልሙ፤ የእኛን ፒያሳ እንዳይመስላችሁ፣ የተጠማ ማለት ነው። የተሠራው በ1957 ነው፤ አዘጋጁም ዋና ተዋናዩም ጉሩ ዱት። እዚህ ቪጃይ ካልካታ ውስጥ የሚንከራተት፣ ግጥሙን የሚያትምለት ያጣ ሥራ ፈት ገጣሚ ነው። ወንድሞቹ የጻፈውን ሁሉ በአሮጌ ወረቀት ዋጋ ይሸጡበታል፤ ገዝታ የምታስቀምጥለት ጉላቦ የምትባል ሴተኛ አዳሪ ናት። አንድ ሌሊት ኮቱን ለለማኝ ይሰጣል፤ ለማኙን ባቡር ይገድለዋል፤ ሞተ የተባለው ቪጃይ ይሆናል። ያን ጊዜ ግጥሞቹ ይታተማሉ፣ ሕዝቡ ያብድላቸዋል፤ በቁሙ የናቁት ሁሉ የመታሰቢያው ጌቶች ይሆናሉ። በሕይወት መኖሩ ሲታወቅ አደባባይ አቁመው ሊያከብሩት ይሰበሰባሉ። እሱም ሕዝቡ ፊት ቆሞ፣ እናንተ የምትፈልጉት ቪጃይ እኔ አይደለሁም ይላል።

አሚታብን የመሰለ ቁጣ እዚህ የለም፤ ወንበር የሚመታ የለም። ጉሩ ዱት በዚህ ፊልም ላይ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ከስንት አንዴ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1964፣ በ39 ዓመቱ ሞተ።

ሕንድ ፊልም ዱላና ጭፈራ ብቻ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ከቪጃዮች ሁሉ መጀመሪያ ይህን እዩ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ዘፈኖቹን ግን እየዘለላችሁ እንዳታዩት።