ፊርማና ወሬ

«ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይላሉ አበው። ምክሩ ለጎረቤት ሐሜት የተነገረ ቢመስልም፣ ለሠላሳ ዓመት የቤት ዕዳ ለሚፈርም ሰውም ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ መነሻ ወለዱን ወደ 1 በመቶ አወረደ። ብድር ረከሰ፤ የቤት ዋጋ ናረ። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ኑሯቸውን የመሠረቱ ኢትዮጵያውያንም እንደ ሌላው ስደተኛ ሁሉ ኪራይ ገንዘብ ማባከን፣ ቤት መግዛት ደግሞ ሀብት ማፍራት መሆኑ ተደጋግሞ ተነገራቸው። በዚያ ዘመን መገናኛ ብዙኃን ስለ ቤት ገበያ አዘውትረው ከሚጠይቋቸው ሰዎች አንዱ ዴቪድ ለሪያ ነበሩ። እሳቸው የቤት ሽያጭ ደላሎች ብሔራዊ ማኅበር ዋና የኢኮኖሚ ባለሙያ ሲሆኑ፣ በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ የቤት ዋጋ እስከ አሥር ዓመቱ ማብቂያ ማደጉን እንደሚቀጥል ተንብየዋል። ዋጋው ግን በ2006 ጣራ ነክቶ ማሽቆልቆል ጀመረ። ስለ ገበያው ሻጩን ጠይቆ መልሱን እንደ ገለልተኛ ምስክር ቃል ማቅረብ ከውሸት ባይቆጠርም፣ ጉዳቱ ከውሸት አያንስም።

በዚያው ወቅት ከተስፋፉት ብድሮች መካከል «ሁለት በሃያ ስምንት» የሚባለው ይገኝበታል። ለ2 ዓመት ወለዱ አይነቃነቅም፤ ለቀሪው 28 ዓመት ግን ከገበያው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። 300,000 ዶላር በ7 በመቶ ወለድ የተበደረ ሰው በወር 2,000 ዶላር ያህል ይከፍላል እንበል። ወለዱ ከ2 ዓመት በኋላ 10 በመቶ ቢደርስ ክፍያው ወደ 2,600 ይጠጋል። ይህ የ600 ዶላር ጭማሪ ስንት ሰዓት ታክሲ መንዳትን፣ ስንት ሌሊት ማደርን እንደሚጠይቅ ከፋዩ ያውቀዋል፤ አገር ቤት ላለች እናት የሚላከውም ከዚያው ኪስ ነው። ብዙዎች ወለዱ ሳይጨምር በሌላ ብድር እንተካዋለን ብለው ነበር፤ የቤቱ ዋጋ ከዕዳው በታች ሲወርድ ግን ያ በር ተዘጋ።

በሴፕቴምበር 2008 ሌማን ብራዘርስ ከወደቀ በኋላ ደግሞ ወሬው ፊቱን አዞረ። አንዳንድ ተንታኞች ባንኮች ለዝቅተኛ ገቢ ሠፈሮች እንዲያበድሩ የሚያበረታታውን የ1977 ሕግና ድሆች ተበዳሪዎችን የጥፋቱ ሁሉ ምንጭ አደረጓቸው። ቀውሱን የመረመረው ኮሚሽን በ2011 ባወጣው ሪፖርት ግን፣ ከፍተኛ ወለድ ከተጣለባቸው ብድሮች ከዚህ ሕግ ጋር ግንኙነት የነበራቸው 6 በመቶው ብቻ መሆናቸውን ገልጿል።

እንግዲህ ተበዳሪው ከደሙ ንጹሕ ነው ማለት ነውን? አይደለም። ገቢውን እያወቀ በማመልከቻው ላይ የተጋነነ ቁጥር ሲሞላለት ዝም ያለ ሰው የጥፋቱ ተካፋይ ነው። የውሉን ቋንቋ በቅጡ ሳይረዳ፣ የአገሩ ልጅ የሆነውን ደላላ አምኖ የፈረመው ደግሞ ሐዘኔታ ይገባዋል፤ ዕዳው ግን በሐዘኔታ አይቀነስም።

ከ2014 ጀምሮ የሥራ ላይ የዋለው ደንብ አበዳሪው የተበዳሪውን የመክፈል አቅም እንዲያጣራ ያስገድዳል። ይህ መልካም ነው፤ ሆኖም ደንቡ ስለ ተበዳሪው ሆኖ አይጠይቅለትም። ወለዱ ቢጨምር ስንት እከፍላለሁ? ዋጋው ቢወርድስ ምን እሆናለሁ? ግዛ የሚለኝ ሰው ከፊርማዬ ምን ያገኛል? ጋዜጣ ትናንት የተሳሳተውን ነገ ሊያርም ይችላል። የተፈረመ ውል ግን እርማቱን አይጠብቅም፤ ስለዚህ እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ብዕር ከመነሣቱ በፊት መልስ ማግኘት አለባቸው።