በሴቶች በር፦ ከደብረ ማርቆስ እስከ መርጡለ ማርያም

እሑድ ንጋት ላይ የደብረ ማርቆስ ቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር በነጠላ ነጭ ይለብሳል። ከተማዋ ድሮ መንቆረር ስትባል ኖራ የዛሬ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ደብር ነው፤ ስሙን ያወጡላትም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ቅዳሴው ሲገባ ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ ይቆማሉ። ደቡቡ ወደ መሠዊያው ለዞረ ሰው ቀኝ ነው። ካህናቱን ብትጠይቁ እመቤታችን በልጇ ቀኝ ስለምትቆም ነው ይሏችኋል። የሴቶች በር የክብር በር ነው ማለት ነው።

በዚያው ሰዓት ከቅጥሩ ዛፎች ሥር፣ ከግንቡ ጥግ፣ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ የቆሙ ሌሎች አሉ። እህል የቀመሰ፣ ሌሊቱን ከትዳር ጓደኛው ጋር ያደረ፣ ያረፈደ፣ የወር አበባዋን የምታይ፣ ገና አራስ የሆነች። ማንም ማንን አይጠይቅም። ነጠላዋን አፏ ድረስ ሸፍና፣ ድምፅ ማጉያው የሚያሰማውን ዜማ እየተከተለች እግዚኦ የምትል ወጣት ሴት ለምን ውጭ እንደቆመች ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገረው ግን የለም። ክልከላው ለወንዱም አለ። ነገር ግን የወንዱ በማግስቱ ያልቃል፤ የሴቷ በየወሩ ይመለሳል፣ በወለደች ቁጥርም ይረዝማል።

ወንድ የወለደች በ40 ቀን፣ ሴት የወለደች በ80 ቀን ልጇን ታስጠምቃለች፤ እስከዚያ ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም። ለምን እጥፍ ሆነ ብዬ አንድ ሽማግሌ ካህን ስጠይቃቸው መጽሐፈ ኩፋሌን ጠቀሱልኝ፤ አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት መግባታቸውን። ኦሪት ዘሌዋውያንም ያንኑ ቁጥር ይሰጣል። የመጻሕፍቱን ቃል አከብራለሁ። ሆኖም ሴት ልጅ ታቅፋ 80 ቀን ከደጅ የምትቆም እናት በዚያ ጊዜ ውስጥ ስለ ልጇ ዋጋ ምን ትማራለች የሚለው ጥያቄ አልለቀቀኝም። ደግሞ ሌላ ነገር ማየት ይገባል፦ የአራስነት ጊዜ በገጠር ጎጃም እናት ከውኃ መቅዳትና ከእንጨት ለቀማ የምታርፍበት ጊዜም ነው። ሴት የወለደችው ረዘም ያለ እረፍት ብታገኝ ያ ብቻውን መጥፎ ነገር አይደለም፤ ቤቱ በእርግጥ የሚያሳርፋት ከሆነ።

ይህን አካባቢ በሃይማኖትና በጾታ እኩልነት ዐይን ስቃኘው ጎልቶ የሚታየኝ አንድ ነገር ነው። እዚህ ሃይማኖት ሴትን በአንድ ልክ አይይዛትም። ሕፃን ሳለች ይቀበላታል፣ በምትወልድበት ዕድሜ ያርቃታል፣ ስታረጅ መልሶ ያስጠጋታል። የመሥዋዕቱን መገበሪያ ስንዴ ለቅመው የሚያዘጋጁት ብዙ ጊዜ መነኮሳይት ናቸው። ልጆቿን ድራ ባሏን የቀበረች እናት ቆብ ደፍታ እማሆይ ስትባል ቤቷ ሆና እንኳ መንደሩ በሌላ አንደበት ያናግራታል፤ ለዕርቅ ትጠራለች፣ ቄሱም ቃሏን ይሰማል። ችግሩ ያለው መካከለኛው ዕድሜ ላይ ነው፤ ትምህርት፣ ትዳር፣ መሬት፣ የቤት ሥልጣን የሚወሰኑት ደግሞ በዚያ ዕድሜ ነው።

ከከተማው ወጣ ሲሉ ልጃገረዶቹ የራሳቸው በዓል አላቸው። ጳጉሜን ሊያልቅ ሲል በምሥራቅ ጎጃም እንግጫ ነቀላና ከሴ አጨዳ አለ። ልጃገረዶች ሜዳ ወርደው፣ ዘፍነው፣ እንግጫ የሚሉትን ሣር ነቅለው ይጎነጉናሉ፤ ለአዲስ ዓመት ከራስና ከቤት ምሰሶ ጋር ይታሰራል። ከቤት በመውጣታቸው ያን ዕለት ማንም አይቆጣቸውም፤ የዘመን መለወጫ፣ የቅዱስ ዮሐንስ ነውና። ከእነዚያ ልጃገረዶች መካከል ጥቂት የማይባሉት በሚቀጥለው ጥር ሊዳሩ የታሰቡ መሆናቸውን ሳስብ ግን ዘፈኑ ይከብደኛል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ግማሾቹ 15.7 ዓመት ሳይሆናቸው ማግባታቸውን አሳይቷል። በአዲስ አበባ አኃዙ 23.9 ነበር። ሕጉ ግልጽ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት ይል ነበር፤ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የአማራ ክልሉ ደግሞ በ1995 ዓ.ም 18 አደረጉት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648፣ 13 ዓመት የሞላት ሕፃን ያገባን እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ያለችውን ያገባን እስከ 7 ዓመት እሥራት ያስቀጣል።

ሕጉ ከመንደሩ ሲደርስ ግን ሃይማኖት የሚነካ አንድ ቋጠሮ ያገኘዋል። ዲያቆን ቅስና ለመቀበል አስቀድሞ ማግባት አለበት፤ የሚያገባትም ድንግል መሆን አለባት። ከቀሰሰ በኋላ ሌላ ማግባት የለም። በየአጥቢያው ብዙ ቄስና ዲያቆን ባለበት አገር ይህ ሥርዓት የልጅ ገበያ ይፈጥራል። የዲያቆኑ ቤተሰብ ‘ሳትነካ’ እያለ ሕፃን ይፈልጋል፤ የልጅቱም ቤተሰብ ከካህን ቤት መጋባትን እንደ በረከት ይቆጥራል። ቀኖናው የሚጠይቀው ድንግልናን ነው። 12 ዓመት የሚል ዕድሜ የትም አልጻፈም። የ20 ዓመት ድንግል ዲያቆኑን ለቅስና አታበቃም የሚል መጽሐፍ የለም። ያ ልማድ ነው፤ ልማዱን ሊሽሩት የሚችሉትም ከማንም በፊት ካህናቱ ራሳቸው ናቸው። የንስሐ አባት በየቤቱ ይገባል፤ ቡናውን ይጠጣል፣ ጠበሉን ይረጫል፣ የቤቱን ምስጢር ይሰማል። እንዲህ ያለ ሰው ‘ይህቺ ልጅ ትማር’ ካለ የቀበሌ ሊቀ መንበር ከሚያደርገው ስብሰባ ይልቅ ይሰማል። በከተማው ዙሪያ ባለው በጎዛምን ገጠር ልጆቻቸውን ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይተው የሚያስተምሩ ቄሶች አውቃለሁ። ቅዳሜ ሴት ልጃቸው ስትመጣ እንጀራና በርበሬ ጭነው በገዛ አህያቸው መልሰው የሚያደርሱ። ስለ እነዚህ አባቶች የሚጻፍ አላየሁም።

የጎጃምን ገጠር ካነሣሁ መሬቱን ማለፍ አልችልም። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ኖሮ ያጠናውን እንደ አውሮፓውያን በ1973 ባሳተመው መጽሐፉ የጎጃም ርስት በአባትም በእናትም እንደሚወረስ አሳይቷል። ሴት ርስት ነበራት። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናትም በቤተ ክርስቲያን ብራናዎች ኅዳግ ላይ ከተጻፉት የመሬት ውሎች የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ ሲገዙና ሲሸጡ የተመዘገቡ ብዙ ሴቶችን አግኝቷል። መዝጋቢዎቹ ደብተራዎች፣ ምስክሮቹ ካህናት ነበሩ። ስለዚህ ‘ሴትና መሬት በሃይማኖታችን አይተዋወቁም’ የሚል ሰው የገዛ ደብሩን መጽሐፍ ገልጦ ይይ።

ሞፈሩ ግን የወንድ ነው። ሴት አታርስም፤ ለምን ብትሉ መልሱ ያስነውራል የሚል ብቻ ነው። ቄሱ ራሱ ያርሳል፤ ስለ ሴትና ሞፈር የሚከለክል ቃል ግን ከመጽሐፍ አውጥቶ ያነበበልኝ የለም። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ከምርቱ ግማሹን ታጣለች። ከ1995 ዓ.ም በኋላ በክልሉ የተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው ጎን ለጎን ይዟል። በአንድ ቤት አይቼዋለሁ፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከዳዊቱ ጋር በአንድ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ሴትየዋ ጉርድ ፎቶውን ስትነሣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳዋለች፣ ፊቷ ግን በደንብ ይታያል። በፍቺ ጊዜ ‘መሬቱ የኔ ነው’ ለሚል ባል ያ ፎቶ ትልቅ መልስ ነው።

በዓላቱም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በጎጃም ደጋ በወሩ ሚካኤል አለ፣ ኪዳነ ምሕረት አለ፣ ማርያም አለች፣ ባለ ወልድ አለ፤ ሞፈር አይነሣም። ሴቷም አትፈትልም፣ አትፈጭም። ውኃው ግን ይቀዳል፣ ወጡ ይሠራል፣ ዝክር ካለ ጠላው ተጠምቆ ዳቦው ተደፍቶ መጠበቅ አለበት። በሬው ባረፈበት ቀን እሷ አላረፈችም። ጾሙም እንዲሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን ነፍሰ ጡርንና አጥቢን እንዲጾሙ አታስገድድም። ይሁንና ሆዷ ገፍቶ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሴት በየመንደሩ አለች፤ የጎረቤትን ዐይን ትፈራለችና። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው አዲስ ትምህርት አይደለም፣ ያለውን ፈቃድ ከመድረክ ጮክ ብሎ መናገር ነው።

ከዚያው ጎን ለጎን የጽዋ ማኅበር አለ። ሴቶች በማርያም ስም ተሰብስበው ያወጋሉ፣ የታመመችውን ይጠይቃሉ፣ የደኸየችውን ያቋቁማሉ፣ በባልና በሚስት ጠብ ይገባሉ። ወንድ ሳይመራቸው የሚሰበሰቡበት ቦታ በገጠር ብዙ የላቸውም፤ ይህን የሰጣቸው ሃይማኖታቸው ነው። በደብረ ማርቆስ የሚኖሩት ሙስሊም እናቶችም ከኒካሕ እስከ ውርስ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል። እዚያም ክርክሩ የሴቷ ፈቃድ በእርግጥ የራሷ ነው ወይ የሚል ነው።

ወደ ምሥራቅ፣ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ስንዘልቅ መርጡለ ማርያም እንደርሳለን። እዚህ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እቴጌ እሌኒ የሐድያ ገራድ ልጅ፣ በእስልምና ተወልደው በክርስትና የኖሩ ነበሩ። እንደ አውሮፓውያን በ1508 ሕፃኑ ልብነ ድንግል ሲነግሥ አገሪቱን ያስተዳደሩት፣ ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላኩት እሳቸው ናቸው፤ የዜማና የነገረ መለኮት መጻሕፍትም ይነገርላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ያለችው ሞጣም ጊዮርጊሷን ያገኘችው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ከወለተ እስራኤል ነው። በጣና ዙሪያ ደግሞ እንደ አውሮፓውያን ከ1592 እስከ 1642 የኖረችው ወለተ ጴጥሮስ አለች። ሕፃናቷ ሞተውባት፣ ባሏን ጥላ፣ የዐፄ ሱስንዮስን ካቶሊካዊነት ተቃውማ ወንድም ሴትም የሚከተላት ማኅበር መሠረተች፤ ገድሏ በዚያው አቆጣጠር በ1672 ተጽፏል። እነዚህ ሴቶች ሥልጣን የያዙት ወይ መበለት፣ ወይ እቴጌ፣ ወይ መነኩሲት ሆነው መሆኑን ልብ በሉ። ለጎዛምን እንዶዳም ተወላጅ ለደራሲው ለሐዲስ ዓለማየሁም ይህ የተሰወረ አልነበረም፤ በ1958 ዓ.ም ባሳተሙት ልብ ወለድ ‘ፍቅር እስከ መቃብር’ ሰብለ ወንጌል ፊደልን ከበዛብህ ከተማረች በኋላ የምታገኘው መውጫ ምንኵስና ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያቆመኝ ግን የጸላሎዋ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ ብሎ የማይጠቅስ የአብነት ተማሪ የለም። በዚህ አገር ዐይነ ስውሯ ገላነሽ ከአባታቸው ከቅኔ መምህሩ ጉባኤ ቅኔ ተምረው፣ አባታቸውን ተክተው ወንዶች ተማሪዎችን አስተማሩ። ከእሳቸው ቤት የወጡ ካህናት መቅደስ ገብተው ቀድሰዋል፤ መምህራቸው ግን መቅደስ አይገቡም ነበር። ስለ እሳቸው ሲነገር ሁሉ ‘ተአምር’ ይባላል። ተአምር ማለት ግን ሌላዋን ልጅ ከተስፋ ያርቃታል። ቅኔ ለሴት ክልክል ነው የሚል ቀኖና አላገኘሁም። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፉ ዲድስቅልያ ስለ ሴት ዲያቆናት እንኳ ያወራል።

የሚከለክላት ሌላ ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ኮሮጆውን አንግቶ፣ ውሻ እያባረረው ‘ስለ ማርያም’ እያለ ቁራሽ ይለምናል፤ ሌሊት ከጓደኞቹ ጋር በሣር ጎጆ ያድራል፤ ከመምህር ወደ መምህር አገር ያቋርጣል። ይህን መንገድ የ14 ዓመት ልጅ ብቻዋን ልትሄድበት አትችልም። ገላነሽ የተማሩት ጉባኤው በአባታቸው ቤት ስለነበር ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ክልሉን ባመሰው ጦርነት ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው የገጠር ልጃገረዶች ከቤት ውለዋል፤ ትዳሩም እየጠራቸው ነው። የሴት መነኮሳት ገዳማት ያሉበት ቦታ ላይ ጎጆ ተሠርቶ፣ እማሆዮቹ ጠባቂ ሆነው፣ አንድ የቅኔ መምህር በቀን ገብቶ የሚያስተምርበት ጉባኤ ቢከፈት የሚጎድለው የተማሪ ቀለብ ብቻ ነው። ለዝክርና ለድግስ ይህን ያህል እህል የሚያወጣ ሕዝብ ደግሞ 20 ልጃገረዶችን መመገብ አያቅተውም። አጥቢያው ይወስን፣ ሀገረ ስብከቱ ይፍቀድ፣ የማርያም ማኅበርተኞችም በየወሩ አንድ አንድ ቁና ጤፍ ያዋጡ።