ዲን የሌለው ባሩድ

በአማርኛ ጠመንጃ ይጎርሳል። ጥይት «አጎረሰ» እንላለን፤ ጫፉንም «አፈሙዝ» ብለን እንጠራዋለን። ዛሬ ግን የምናውቃቸው መሣሪያዎች ሁሉ የሚጎርሱት ከኋላ ነው። በእውነት በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ በእጄ ለመያዝ እኔ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ድረስ መምጣት ነበረብኝ። መጀመሪያ ባሩዱ በአፈሙዙ ይፈስሳል። ቀጥሎ በጨርቅ የተጠቀለለ ድቡልቡል እርሳስ ይከተላል። ከዚያ በዘንግ እስከ ታች ጠቅጠቅ ማድረግ ነው። አንድ ጉርሻ፣ አንድ ተኩስ። ሁለተኛ ከፈለጋችሁ እንደገና ከሀ መጀመር ነው።

እኛ አገር እንዲህ ያለውን ነፍጥ «ቆመህ ጠብቀኝ» ብለው ቀልደውበታል። ቀልዱ ግን ደም አለበት። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሥር፣ አሮጌ ሜዳ ላይ፣ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በአብዛኛው በአፈሙዝ የሚጎርስ ነፍጥ ይዞ ነበር የወረደው። የጠበቀው የእንግሊዝ ጦር ደግሞ ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ይዞ ነበር። አንዱ ባሩድ ሲጠቀጥቅ ሌላው ደጋግሞ ይተኩሳል። ያን ቀን ቆሞ የጠበቀ ጠላት አልነበረም።

ታዲያ በዚህ ዘመን ማን ይፈልገዋል? አዳኝ ይፈልገዋል። ኮሎራዶ በአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ ለሚያድኑ ሰዎች በመስከረም ወር ዘጠኝ ቀን ለብቻቸው ትሰጣቸዋለች። የዘመናዊ ጠመንጃ ወቅት እስኪከፈት ድረስ ጫካው ጸጥ ያለ ነው። ወቅቱ የሚውለው እንቁጣጣሽ አካባቢ ስለሆነ፣ ለእኔ አዲስ ዓመትን ከቡና ቤት ጭፈራ ውጪ የማክበሪያ ሰበብም ሆነኝ። የአዳኝነት ኮርሱን ወሰድኩ፤ ፈቃድ ለማግኘት ዕጣ ውስጥ ገባሁ። ከሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ጉልበቱ ተራራ አልወጣ ያለው ሽማግሌ ነውና ያገለገለ ባለ 50 ካሊበር ጠመንጃ ገዛሁ። በጎኑ መቺ አለው። መቺው ትንሽ የመዳብ ቆብ ላይ ሲያርፍ ብልጭታው በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ባሩዱን ያቀጣጥላል።

ጠመንጃውን ሲሰጠኝ «ባሩዱን ራስሽ ምረጪ» አለኝ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ባሩድ ባሩድ አይደል እንዴ?

አይደለም። ቢያንስ አራት ዓይነት መንገድ አለ፤ ከአራቱ አንዱ ደግሞ መንገድ ሳይሆን ገደል ነው።

ከገደሉ ልጀምር። ዛሬ በየጥይቱ ቀለህ ውስጥ ያለው «ጭስ አልባ» ባሩድ ነው። መሠረቱ ናይትሮሴሉሎስ ነው፤ በዚያው ስፍር ውስጥ ከጥቁር ባሩድ እጅግ የበለጠ ጉልበት ይዟል። እንደ እኔ ባለ ጠመንጃ ውስጥ ከገባ በርሜሉ ግፊቱን አይችለውም፤ ይፈነዳል፣ ጣት ይቆርጣል፣ ዓይን ያጠፋል። የተለየ ሥሪት ያላቸው ጥቂት ጠመንጃዎች አሉ፤ እነሱን ለባለቤቶቻቸው እንተዋቸው። «ትንሽ ብቻ ባደርግበትስ?» የሚባል ጥያቄ የለም። ለወጉ ኮሎራዶም ለዚህ ወቅት ከልክላዋለች።

ሁለተኛው የጥንቱ ራሱ፣ ጥቁር ባሩድ ነው። የታወቀው ቅይጡ 75 እጅ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 እጅ ከሰል፣ 10 እጅ ዲን ነው። በፍሬው መጠን ይለያያል። ጣሳው ላይ የኤፍ ፊደል በበዛ ቁጥር ፍሬው እየደቀቀ ይሄዳል፤ ለእኔ ዓይነት ጠመንጃ የተለመደው ባለ ሁለት ኤፍ ነው። ትልቁ በጎነቱ በትንሽ ብልጭታ ከመቅጽበት መያዙ ነው። በድንጋይ ብልጭታ ለሚተኩሱ፣ ለምሳሌ ከገና ማግሥት የሚጀምረው የፔንስልቬንያ ወቅት ለእነሱ ብቻ የተተወ ነውና፣ ከእሱ ሌላ የሚታመን የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ ጭቃው ነው። ከተቃጠለው ባሩድ በክብደት ከግማሽ በላዩ ጋዝ አይሆንም፤ ጠጣር ሆኖ ይቀራል። ከፊሉ ያ ነጭ ጭስ ነው፤ ከፊሉ በርሜሉ ውስጥ ይለጠፋል፣ እርጥበት ይስባል፣ ብረቱን ያዝጋል። በኮሎራዶ ደረቅ አየር ደግሞ እንደ ምጣድ ጥላሸት ይደርቃል።

ሦስተኛው መንገድ ተተኪዎቹ ናቸው። ፓይሮዴክስ በ1970ዎቹ የመጣ ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር)። የሠራው ዳን ፓውላክ በ1977 በገዛ ፋብሪካው በተነሣ እሳት ሞቷል። ፓይሮዴክስ ዲን አለው፤ ለመቀጣጠል ከጥቁሩ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል፤ ዝገቱም የዋዛ አይደለም። ትሪፕል ሰቨን ዲን የለውም፤ በውኃ ይታጠባል፤ ከጥቁሩ ይጠነክራል፤ እሱም ቶሎ አይያዝም። ሁለቱም በእንክብል መልክ ይሸጣሉ፤ ለችኩል ሰው ምቹ ናቸው። ኮሎራዶ ግን በዚህ ወቅት እንክብል አትፈቅድም፤ የሚፈስሰውን ሰፍራችሁ ታጎርሳላችሁ።

አራተኛው ብላክሆርን 209 ነው። ንጹሕ ነው፣ ጭቃው ትንሽ ነው፣ ዋጋው ግን ኪስ ያራቁታል። ደግሞም ስሙ ላይ ያለውን ባለ 209 የሾትገን መለኮሻ ይፈልጋል፤ የእኔ የመዳብ ቆብ አይበቃውም። ስለዚህ ለእኔ ጠመንጃ ገና ከበሩ ወደቀ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የጠመንጃ ጉዳይ ነበር። ቀሪውን ምርጫ የወሰነችው እናቴ ናት።

እማዬ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ጠመንጃው ቤት ሲገባ ብዙ አልተናገረችም፤ «ሰው ላይ እንዳታዞሪው» ብላ አለፈችው። ባሩድ የሚለውን ቃል የሰማች ቀን ግን የያዘችውን ስኒ አስቀመጠች።

«ይሄ ነገር እዚህ ቤት ይገባል?»

«ጋራዥ ነው የሚቀመጠው፣ እማዬ።»

«ጋራዡ የማን ግድግዳ ላይ ነው የተለጠፈው?»

የእሷ መኝታ ክፍል ግድግዳ ላይ ነው።

ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ፈነዳ። ከተማዋ መንግሥት ከተለወጠ ገና ሳምንቱ ነበር። ብዙ ሰው ሞተ። ሊቀርጽ የሄደው ካሜራማን ሞሐመድ አሚን አንድ እጁን ያጣው ያን ቀን ነው። እማዬ የምትኖረው ከመጋዘኑ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነበር። ከዚያ ቀን የምትነግረኝ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ነው፤ የመስኮቱ መስታወት አልጋው ላይ እንደ በረዶ መዝነቡንና ሽታውን። «ዲን ዲን ይሸት ነበር» ትላለች። የዚያ መጋዘን ባሩድ በብዛት ጭስ አልባው ሳይሆን እንደማይቀር፣ እሱ ደግሞ ዲን እንደሌለው ላስረዳት አልሞከርኩም። ለእሷ ዲን ኬሚካል አይደለም። ከሰማይ የሚዘንብ ነገር ነው።

«ይፈነዳል ወይ?» አለችኝ። እውነቱን መንገር ነበረብኝ። ጥቁር ባሩድ በአሜሪካ ሕግ ፈንጂ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሱቅ አይዘውም፤ ለዚህ ዓይነት ጠመንጃ የሚገዛ ሰው እስከ 50 ፓውንድ እንዲይዝ ቢፈቀድለትም፣ ሻጩ ግን ልዩ ፈቃድና ልዩ ማከማቻ ያስፈልገዋል። ተተኪዎቹ የሚመደቡት ከሚቀጣጠሉ ነገሮች ጋር ነው። እነሱም ጨዋታ አይደሉም፤ ግን ብልጭታ ባየ ቁጥር አይነሡም።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ስለ ጥቁር ባሩድ አዳኞች የሚያመሰግኑት ጠባይና እናቴ የምትፈራው ጠባይ አንድ ናቸው። ቶሎ ይይዛል። ጫካ ውስጥ ይህ በረከት ነው፤ ምላጭ ስበህ ጠመንጃው ዝም ሲልህ፣ ወይም አመንትቶ ሲተኩስና አውሬውን በወጉ ሳይገድል ሲያቆስለው ማየት ማንም አይፈልግም። ቤት ውስጥ ግን ያው ጠባይ ሌሊት የሚያስነቃ ነገር ነው። ጠመንጃው ዘጠኝ ቀን ጫካ ይውላል። ባሩዱ ዓመቱን ሙሉ ከእናቴ ራስጌ ጀርባ ያድራል። ታዲያ ለማን ጠባይ ነው የሚመረጠው?

ባልደረባዬ ጥቁሩን ነበር የሚመክረኝ። የሚሠራውም እዚሁ ቅርብ ባለ ኩባንያ እጅ እንዳለ ነገረኝ፤ እውነቱን ነው፣ ጎኤክስ የሚባለውን የቆየ የባሩድ ስም በ2022 የገዛው የልጆች ሮኬት የሚሠራው የኮሎራዶው ኤስቲስ ነው። ለአገር ልጅነቱ ስል ልወስደው ዳድቶኝ ነበር። በመጨረሻ ግን ትሪፕል ሰቨን ገዛሁ፤ አንድ ፓውንድ፣ ከዚያ አላሳልፍም። ከመጣበት ጣሳ ሳላወጣው፣ በእንጨት ሣጥን ቆልፌ፣ ከውኃ ማሞቂያው ርቆ፣ ከእማዬም ግድግዳ ተቃራኒ በኩል ተቀመጠ። ቆቦቹ ሌላ ቦታ ናቸው። እማዬ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው። «ምንም አይሸትም» አለች፤ ትንሽ ቅር ያላት ነው የሚመስለው።

ምርጫው ግን ዕዳ አለው፤ ቶሎ የማይያዝ ባሩድ ከመረጥኩ፣ እንዲይዝ ማድረግ የእኔ ሥራ ነው። በጋውን ሙሉ በየሳምንቱ ተኩስ መለማመጃ ሄድኩ። ሳላጎርስ በፊት ሁለት ባዶ ቆብ አፈነዳለሁ፤ ቀዳዳው ውስጥ የቀረውን ዘይት ያደርቀዋል። ባሩዱን የምለካው በስፍር ነው፤ ስፍሩ ላይ የተጻፈው ግሬይን የጥቁር ባሩድ ልክ ስለሆነ ትሪፕል ሰቨን በዚያው ስፍር በሚዛን ይቀልላል፣ ሚዛን ላይ አውጥቶ «ላስተካክል» ማለት አደገኛ ነው። አምራቹ ራሱ የጥቁሩን ያህል ፍጥነት ብቻ ለሚፈልግ ስፍሩን በ15 እጅ እንዲቀንስ ይመክራል። እኔ ሰባ ላይ ረጋሁ፤ ከዚያ በላይ ጨርቁ እየተቃጠለ እርሳሱ ይባዝናል። ዘንጉ ላይ ምልክት አድርጌያለሁ፤ እርሳሱ ባሩዱ ላይ በደንብ ካልተቀመጠና ክፍተት ከቀረ በርሜሉን ሊጎዳው ይችላል። አንዳንዴ ቆቡ ፈንድቶ ጠመንጃው ዝም ይላል። ያኔ አፈሙዙን ከዒላማው ሳላነሣ አንድ ደቂቃ ሙሉ እቆጥራለሁ፤ ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላልና። ያቺን አንድ ደቂቃ የመሰለ ረጅም ነገር የለም።

ቤት ስገባ በርሜሉን በሙቅ ውኃ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ዘይት እቀባለሁ። ሲደክመኝም፣ ሲመሽብኝም። እማዬ ውኃውን ታፈላልኛለች። ለቡና የማይሆን አንድ አሮጌ ማንቆርቆሪያ ለይታ ሰጥታኛለች።

መስከረም ላይ፣ በአራተኛው ቀን፣ ብርቱካናማ ሰደርያዬን ለብሼ ከአስፐን ዛፎች ሥር ተቀምጬ ትልልቅ ጆሮ ያለው አጋዘን ስድሳ እርምጃ ላይ ቆመ። ቆሞ ጠበቀኝ። ተኮስኩ፤ ያዘ። ከዚያ ያለው ጭስ ብቻ ነው። በዚህ ጠመንጃ የተኮሰ ሰው መምታት አለመምታቱን የሚያውቀው ዓለም ተመልሶ ሲገለጥለት ነው። ሳልንቀሳቀስ እንደገና አጎረስኩ፤ ትምህርቱ እንደዚያ ነው። ሳላስፈልገው ቀረ፤ አጋዘኑ ሃያ እርምጃ እንኳ አልሄደም።

ሥጋውን አውሮራ ያደረስኩት ዓርብ ነበር። ጾም ነው፤ ፍሪዘር ውስጥ ገባ። እማዬ ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ መሆኑን ጠይቃ አረጋገጠች፤ ቅዳሜ በስመ አብ ብላ ከተፈችው። በርበሬ በዛበት። ጣዕሙን ከበግ ጋር ስታወዳድር ዋለች።

ማታ ላይ ግን ስለ አጋዘኑ አልነበረም የጠየቀችኝ። ጣሳው ላይ በተኮስኩ ቁጥር ሰረዝ የማደርግበት ፕላስተር አለ፤ ሳላያት ስትቆጥረው ከርማለች።

«አሁን ስንት ጉርሻ ቀረው?» አለች።

ከሃያ እንደማይበልጥ ነገርኳት።

«ሲያልቅ ያንኑ ግዢ» አለች። «ሌላ እንዳታመጪብኝ። ይሄንን ለምጄዋለሁ።»