ለልጄ የገዛሁት ቦርድ

ርእሰ መምህር በዚህ የዓመት መጽሔት ላይ ሲጽፍ ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ ሰዓት አክባሪነትና ስለ ደንብ ልብስ መሆኑ የተለመደ ነው። እነዚህን በወላጆች ስብሰባ ላይ በበቂ ሁኔታ አንሥቻቸዋለሁና ዘንድሮ ይቅርታችሁን ጠይቄ ስለ ሰርፍ ቦርድ ልጽፍ። በነሐሴ ዕረፍት ጥቂት ተማሪዎቻችን ማሊንዲ ላይ ሰርፍ ከሞከሩ ወዲህ ለልጃቸው ቦርድ ለመግዛት ያሰቡ ወላጆች ቢሮዬ ድረስ እየመጡ ይጠይቁኛል። አንዲት እናት የዋጋ ዝርዝር በስልካቸው ይዘው መጥተው፣ "ዳይሬክተር፣ ከእነዚህ የቱ ይሻላል? ልጄ አጭሩ ካልሆነ ብላ አስቸግራኛለች" አሉኝ። "አጭሩ" የሚለውን ስሰማ ደነገጥኩ። ለምን እንደ ደነገጥኩ ላጫውታችሁ።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። በልጅነቴ የማውቀው ትልቅ ውኃ ከከተማችን ወጣ ብሎ ያለው የሐይቅ ውኃ ነበር፤ እሱንም ከዳር ቆሜ ነው። ሕንድ ውቅያኖስን ያየሁት ለሥራ ናይሮቢ ከገባሁ በኋላ፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜዬ ሲሆን፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ ተመለስኩ። ስለዚህ ልጄ በ13 ዓመቷ ማሊንዲ ላይ ቦርድ ላይ ተነሥታ ቆማ፣ ሞገዱ እስከ አሸዋው ድረስ ሲያመጣት ባየሁ ጊዜ ዕንባዬ መጣ። የባሕር ጨው ነው ብያቸዋለሁ። ይህን ሁሉ እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን እንዳልጠራ ግን አስምላኛለች። ሁላችሁም ስለምታውቋት መሐላው ብዙም አይጠቅማትም።

መጀመሪያ ስለ ባሕሩ ትንሽ ልበል፤ ቦርድ የሚመረጠው በባሕሩም ጭምር ነውና። የኬንያ ጠረፍ አብዛኛው በኮራል ሪፍ የታጠረ ነው። ሪፉ ሞገዱን ከሩቅ ስለሚሰብረው ዳርቻው ላይ የሚደርሰው ውኃ ጸጥ ያለ ነው፤ ለዋናተኛ መልካም፣ ለሰርፍ ግን የማይሆን። ማሊንዲ የሳባኪ ወንዝ ወደ ባሕር ከሚገባበት አጠገብ ስለሆነች ከከተማዋ ፊት ያለው ባሕረ ሰላጤ ለሞገድ ክፍት ነው። ውኃው ወንዙ በሚያመጣው ደለል የተነሣ ብዙ ጊዜ ቡናማ ነው፤ ሰማያዊ ባሕር የሚጠብቅ ሰው ቅር ይለዋል። ሞገዱ የሚበረታው ስዋሂሊዎች ኩሲ የሚሉት የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ በሚነፍስበት ወቅት ስለሆነ የነሐሴ ዕረፍታችን በደንብ ይገጥማል። በታኅሣሥ ግን ነፋሱ ዞሮ ካስካዚ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ቦርድ ይዞ የሄደ ልጅ ተኝቶበት ፀሐይ ሲሞቅ ሊውል ይችላል። የኩሲ ሞገድ ነፋስ የሚገፋው፣ ለስለስ ያለና ጉልበቱ መካከለኛ የሆነ ሞገድ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ልጄ የጀመረችው አሠልጣኙ ባከራያት 8 ጫማ ርዝመት ባለው ከላይ ስፖንጅ በለበሰ ቦርድ ነው። ጀማሪ ሁሉ በዚህ ዓይነቱ ቢጀምር ይሻላል። ሰፊ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ራስ ላይ ቢያርፍ አይፈነክትም። መልኩ ግን አያምርም፤ የፍራሽ ዘመድ ይመስላል።

በሁለተኛው ዓመት ስፖንጁን ናቀችው። በእሷ ዕድሜ ያሉ የማሊንዲ ልጆች አጭርና ሹል ቦርድ ይዘው ሞገዱ ላይ እንደ ዓሣ ሲገለባበጡ ታያለች፤ በስልኳ የምትከታተላቸው ሁሉ አጭር ቦርድ የያዙ ናቸው። ጥፋቱን በእሷ ላይ ብቻ ብጥል ግን ሐሰት ይሆንብኛል። በየሰርጉና በየክርስትናው "ልጄ እኮ ሰርፈር ሆናለች" እያልኩ ያወራሁት እኔ ነኝ። ፎቶ ስናሳይ ስፖንጁ ያሳፍር ነበር። ከናይሮቢ ሊለቅ የነበረ አንድ ሰው ዕቃውን ሲሸጥ 5 ጫማ ከ8 ኢንች የሆነ ነጭ፣ አፍንጫው የሾለ ቦርድ አየሁና ለልደቷ ገዛሁላት። ሻጩ ስለ ልጅቷ አንድ ነገር አልጠየቀኝም፤ እኔም ስለ ቦርዱ ከዋጋው በቀር አልጠየቅሁም። "ጎበዝ ከሆነች ይሆናታል" አለኝ። የትኛው አባት ነው "ጎበዝ አይደለችም" የሚለው?

እኛ ተማሪ በነበርንበት ዘመን ጎበዝ ልጅ ደብል ይመታ ነበር፤ በአንድ ዓመት ሁለት ክፍል ያልፋል። በዚያው ዓመት ልጃቸው ከ5ኛ ወደ 7ኛ እንዲያልፍ የለመኑኝን አንድ አባት ቢሮዬ አስቀምጬ ለአንድ ሰዓት ያህል መክሬ፣ የ6ኛን ሒሳብ የዘለለ ልጅ 8ኛ ላይ እንዴት እንደሚቸገር በወረቀት ሥዬ አሳይቼ መልሻቸዋለሁ። ከዚያ ወደ ቤቴ ሄጄ ለልጄ ቦርድ ላይ ደብል መታሁላት።

ነሐሴ መጣ። ሞገድ ለመያዝ ተኝተሽ በእጅሽ እየቀዘፍሽ የሞገዱን ፍጥነት መጠጋት አለብሽ። ትልቅ ቦርድ ከውኃው በላይ ስለሚንሳፈፍ ሞገዱ ገና ሳይቆም፣ ለስላሳ ጉብታ ሳለ ያነሣሻል፤ ተረጋግተሽ ለመቆም ጊዜ ይኖርሻል። ትንሹ ቦርድ ግን ከደረቷ በታች ሰጠመ። ብትቀዝፍ ብትቀዝፍ ሞገዱ ከሥሯ እያለፈ ይሄዳል። እየቀረበች ጠብቃ ስትይዘው ደግሞ ሞገዱ ግድግዳ ሆኖ ሊፈርስ ሲል ነው፤ አፍንጫው ውኃ ውስጥ ይተከልና በራሷ ትገለበጣለች። የማሊንዲ ልጆች በዚያው ዓይነት ቦርድ የሚይዙት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሞገዱ የት እንደሚሰበር ስለሚያውቁና ክንዳቸው ስለ ጠነከረ ነው። የእኔ ልጅ ባሕር የምታየው በዓመት ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው።

በአራተኛው ቀን ሆዴን አመመኝ አለች። በስድስተኛው ቀን ጥላ ሥር ተቀምጣ መጽሐፍ ታነባለች። ናይሮቢ ስንመለስ "አባዬ፣ ሰርፍ ሰለቸኝ" አለችኝና ቦርዱን ከመኝታ ክፍሏ በር ጀርባ አቆመችው። እኔም አመንኳት። በመምህርነት ያሳለፍኩት ዘመን ሲታይ ያሳፍራል፤ "ሒሳብ ሰለቸኝ" የሚል ልጅ ስንት ጊዜ ቢሮዬ መጥቷል! "አቃተኝ" ማለቱ እንደሆነ ከመቼውም አውቃለሁ። በገዛ ቤቴ ግን አልሰማሁትም። የሰማችው ባለቤቴ ናት። "ልጅቷ ሰልችቷት አይደለም፤ አፍራ ነው። አንተ የገዛህላት ስለሆነ 'አልቻልኩም' ልትልህ አልቻለችም" አለችኝ። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ለአሠልጣኙ ደወልኩ። ሦስት ነገር ጠየቀኝ፦ ስንት ኪሎ ናት? በዓመት ስንት ቀን ውኃ ውስጥ ትገባለች? ቦርዱ ላይ ስንት ሊትር ተጽፏል? ሦስተኛውን አላውቅም ነበር። የስልኬን መብራት ይዤ በር ጀርባ ገብቼ ቦርዱን ገለበጥኩት። ከሆዱ በኩል፣ መካከሉን ከሚሰነጥቀው የእንጨት መሥመር አጠገብ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ውፍረቱ በትንንሽ ቁጥር ተጽፎ መጨረሻ ላይ 24 ይላል። አሠልጣኙ ስቆ "ይህ ባለሙያ የሚይዘው ነው" አለኝ።

ሊትሩ ቦርዱ ውኃ ውስጥ የሚይዘው ቦታ ነው። የአርኪሜደስን ሕግ የተማራችሁ ልጆች ቀሪውን ራሳችሁ ትጨርሱታላችሁ፤ 24 ሊትር የሆነ ቦርድ ሙሉ በሙሉ ቢሰጥም 24 ኪሎ ያህል ነው ወደ ላይ የሚገፋው። ልጄ ያኔ 52 ኪሎ ነበረች። ለጀማሪ በኪሎ አንድ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ይመከራል፤ የስፖንጅ ቦርዷ ወደ 80 ሊትር ይጠጋ ነበር። ባለሙያዎቹ ከክብደታቸው ሲሦ በሚጠጋ ሊትር ይንሳፈፋሉ። ከ80 ወደ 24 መውረድ ከደረጃው ጫፍ መዝለል ነው። በዚያ ላይ የማሊንዲ ሞገድ ለስላሳ ነው ብዬ ነበር፤ ሞገዱ ጉልበት ሲያንሰው የጎደለውን ቦርዱ መሙላት አለበት።

አጭሩን በኪሳራ ሸጥኩት። ለገዢው ልጅ ክብደቱንም ልምዱንም ጠይቄዋለሁ፤ ሻጭ ሆኖ መጠየቅ እንዴት እንደሚከብድ ያኔ ገባኝ። በምትኩ ከአሠልጣኙ ጋር ተማክረን 7 ጫማ ርዝመት፣ 21 ኢንች ስፋትና 45 ሊትር የሆነ፣ አፍንጫው ክብ የሆነ ያገለገለ ቦርድ አገኘን። ልጄ አይታው "የሕፃን ነው" ብላ ፊቷን አዞረች። እኔም ያነበብኩትን አመጣሁባት፦ ሰርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በገባበት በቶኪዮው ውድድር ወርቅ የወሰደው ብራዚላዊው ኢታሎ ፌሬይራ የጀመረው አባቱ ዓሣ በሚሸጥበት የፎም ሣጥን ክዳን ላይ ነው። ክዳን ላይ! "አባዬ፣ በፍጻሜው እኮ ቦርዱ ተሰብሮበታል፤ የተሰበረው ደግሞ አጭሩ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። እንዲህ ስትመልስልኝ ግን ከዓመት በኋላ ስለ ሰርፍ መጀመሪያ ያወራችው ያኔ ስለነበር ክርክሩን መሸነፌ ደስ አለኝ።

ባለፈው ነሐሴ በመጀመሪያው ጠዋት ዘጠኝ ሞገድ ያዘች። ቆጥራቸዋለች፤ እኔ አሥር ነው ያልኩት። አሁን የምትማረው ሞገዱ ፊት ቀጥ ብሎ መውረዱን ትታ ወደ ጎን መታጠፍን ነው። ይህ ቦርድ እንደ አጭሩ ቶሎ አይታጠፍም፤ እግሯን ወደ ኋላ ወስዳ ክብደቷን ጅራቱ ላይ ማሳረፍ አለባት። ይህን ስትችለው ወደ 6 ጫማ ተኩል እንወርዳለን እያለች ነው። መቼ እንደምትወርድ የምትወስነው እሷና አሠልጣኙ ናቸው፤ እኔን ከኮሚቴው አስወጥተውኛል።

እንግዲህ ለጠየቃችሁኝ ወላጆች፦ ልጃችሁ ዋና ካልቻለ ቦርዱን ተዉትና መጀመሪያ የዋና ክፍያ ክፈሉ። ከቻለ ለመጀመሪያው ዓመት አትግዙ፤ ተከራዩ። ስፖንጁ ላይ አንድ ሞገድ በእርግጠኝነት ይዞ፣ ቆሞ፣ ወደ መረጠው ጎን መሄድ ሲችል ያኔ ስለ ግዢ ይወራ። ያገለገለ ስትገዙ በፀሐይ ብርሃን አገላብጡት። መላ ሰውነቱ በእኩል ቢጫ ቢሆን ዕድሜ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቡናማ እድፍ ካለ ግን ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። በአውራ ጣታችሁ ተጫኑት፤ እግር የሚቆምበት ቦታ የሚሰረጉድ ከሆነ እንቢ በሉ። ከታች ክንፎቹ የሚገቡበት ቀዳዳ ዙሪያ የተሰነጠቀ ከሆነም እንዲሁ። ከቁርጭምጭሚት ጋር የሚያስረው ገመድ የቦርዱን ርዝመት ያህል ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ይሁን፤ አሮጌ ከሆነ አዲስ ግዙ፤ በዚህ አትቆጥቡ። የቀለሙን ነገር ልጁ ይምረጥ።

ለሚቀጥለው ነሐሴ እኔም እገባለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ባለፈው እሑድ ልጄ ወረቀትና እርሳስ ይዛ መጣች።

"አባዬ፣ ስንት ኪሎ ነህ?"

"82።"

"እውነቱን።"

"87።"

አሰላችና "9 ጫማ፤ ስፖንጅ፤ ያውም ሰፊውን" አለች። ትንሽ አጠር የሚል እንደሌለ ጠየቅኋት። መነጽሬን አውልቄ ተማሪን የማይበትን አስተያየት አየችኝና ወረቀቷን አጥፋ ሄደች።