ልጁ እፎይ ያለበት ቀን

ልጄን ልጠይቅ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከርሜ ነበር። የልጅ ልጄን ልናስመዘግብ ትምህርት ቤት ስንሄድ፣ አንዲት አፍጋናዊት እናት የትንሿን ልጇን የክትባት ካርድ ይዛ ቆማለች። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ ትልቁ ልጇ ሊያስተረጉምላት ይንተባተባል። ፓሽቶ ተናጋሪዋ የወላጆች አገናኝ መጣችና «ስተሬ መ ሼ» አለቻት፤ «አይድከምሽ» እንደማለት ነው። እነሱም እንደኛ የራሳቸው አቆጣጠር አላቸውና፣ በካርዱ ላይ ያለው 1400 በፈረንጆቹ 2021 መሆኑን ለጸሐፊዋ አስረዳች። ልጁ እፎይ ብሎ ተቀመጠ።

እኔ ግን ጤና ጣቢያ ሳለሁ፣ ቋንቋዋን የማልችለውን እናት ስለ ማህፀን ሕመሟ በልጇ አፍ የጠየቅሁበት ቀን ትዝ አለኝ። አንገቷን ደፋች፤ ሕመሟንም ይዛ ተመለሰች። እባካችሁ፣ ልጅን ለእንዲህ ያለ ጉዳይ አስተርጓሚ አታድርጉ።