ዳቦውን ለራሳችሁ

ከወረታ ተነስቶ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ አዲስ ዘመን ለደረሰ ሰው፣ ጣራ ገዳም ከነደኑ ከፍ ብሎ ይታየዋል። እዚያ ድንኳን ተክለው ለሚያድሩ እንግዶች ወጥ የምሠራው እኔ ነኝ፤ ሽንኩርቱ እስኪቁላላ ፎቶ አነሳለሁ።

ድኩላ በማለዳ ከወይራው ሥር ብቅ ይላል። ጎኑ ላይ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦች በቅጠል መሃል የሾለከ ፀሐይ ስለሚመስሉ፣ ጆሮውን ካላወዛወዘ ዓይን ያልፈዋል። ጦጣ ግን ምን በወጣት ትደበቃለች! ፊቷ ጥቁር፣ ግንባሯ ላይ ነጭ መስመር፣ ዓይኗ ድስቴ ላይ።

እንግዶች ዳቦ ወርውረው ጦጣዋን ፎቶ ማንሳት ይወዳሉ። እኔ አልወድም፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደች ጦጣ ነገ የገበሬው ማሳ ውስጥ ነች፣ ድንጋይም ይከተላታል። ደኑ እስከዛሬ የቆየው ገዳሙ ስለተከበረ ነው፤ እንስሳቱም እንደዚያው መከበር ይገባቸዋል። እናንተም ስትመጡ ካሜራችሁን አውጡ፤ ዳቦውን ራሳችሁ ብሉት።