አራት ክር

ቤዝ ጊታር ልገዛ ነው ስላቸው አብዛኞቹ ጓደኞቼ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሊድ አይሻልሽም?» ሊድ ጊታር ይታያል፣ ፎቶ ያምርበታል። ቤዝን ግን ስሙን እንጂ ድምፁን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። እኔን ወደዚህ ያመጣኝ የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተቀዳውን ይህን ሥራ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ከሰው በተዋስኩት ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ግን ከዘፋኙ ሥር ሌላ ሰው በቀስታ የሚዘፍን መሰለኝ። ጆቫኒ ሪኮ ነበር፣ በቤዙ። ከዚያ በኋላ ታክሲ ውስጥም ሠርግ ቤትም ጆሮዬ ወደ ታች ወረደ፤ ሊመለስም አልቻለም። በችክችካ ከበሮው ሰውነትን ያነቃል፤ እግር የት እንደሚያርፍ የሚነግረው ግን ቤዙ ነው።

ገንዘቡ የመጣው ከዕቁብ ነው። 12 ሰዎች ነን፣ በወር አራት አራት ሺህ ብር፣ ዕጣው ሲወጣልኝ 48 ሺህ። እናቴ ለዚህ ገንዘብ ቀድማ ስም አውጥታለት ነበር፤ ሮቶ። ሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ በሌሊት ተነስታ ጀሪካን የምትደረድረው ደግሞ እሷ ናት። «ዘፈን ሳይጠጡ ይኖራል» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? እውነቷን ነው። ግን ዕድሜዬ 34 ደርሷል፣ ሁልጊዜ ከኔ ፍላጎት የሚቀድም ነገር ሳይገኝ የቀረበትን ዓመት አላስታውስም።

ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር መግዛት የምችለው። ለጀማሪ የሚሰጠው የተለመደ ምክር «ርካሹን ግዢ፣ ከወደድሽው በኋላ ትቀይሪዋለሽ» የሚል ነው። ጥሩ ምክር ነው፣ ዕቃ መመለስ ለሚቻልበት አገር። የኛ ሱቆች ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።

ቤዝ የሚያስተምሩኝ ጋሼ በደርግ ጊዜ በሆቴል ባንዶች ውስጥ የተጫወቱ ሰው ናቸው። ያኔ አዲስ ክር ስለማይገኝ አሮጌውን በድስት ቀቅለው፣ አድርቀው መልሰው ያስሩት እንደነበር ሲነግሩኝ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር። ቀልድ አይደለም፤ ሲቀቀል ክሩ ላይ የተጋገረው የእጅ ወዝ ይለቅና ድምፁ ለጥቂት ቀናት ይታደሳል። እሳቸው ታዲያ ስለ ድምፅ ብዙም አልመከሩኝም። «ድምፁን ኋላ ትሰሚዋለሽ ልጄ። መጀመሪያ ትከሻሽን ጠይቂው፣ ቀጥሎ ክሩን ማን እንደሚያመጣልሽ ጠይቂ» አሉኝ።

ሱቁ ውስጥ ለኔ አቅም የሚሆኑ ሦስት ቤዞች ነበሩ። ሻጩ ገና ከበሩ ስገባ አንዱን አወረደልኝ፤ «እህት፣ ለሴት የሚሆነው ይሄ ነው።» አጭሩ ነበር። የተለመደው ቤዝ የክሩ ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አጭሩ ደግሞ 30 ኢንች ገደማ ነው። ልዩነቱ ሲሰሙት ትልቅ ይመስላል። ጣት የሚቸገረው ግን በጠቅላላው ርዝመት ሳይሆን በሁለት ፍሬቶች መካከል ባለው ክፍተት ነው። በረጅሙ የመጀመሪያው ፍሬት ከአንገቱ ጫፍ 4.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፣ በአጭሩ 4.3 ያህል። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው እንግዲህ። ለዚያውም ጋሼ ባስተማሩኝ አያያዝ ታችኛዎቹ ፍሬቶች ላይ አራት ጣት በአራት ፍሬት አይዘረጋም፤ ሌባ ጣት፣ መሐል ጣት፣ ከዚያ ቀለበት ጣትና ትንሿ ተደጋግፈው እንደ አንድ ጣት ይሠራሉ። እጄ ሦስት ፍሬት ከሸፈነ ይበቃኛል፣ ለቀረው እጄን ማንሸራተት ነው።

አጭር ቤዝ የልጅ መጫወቻ አይደለም። ፖል ማካርትኒ ከቢትልስ ጋር የታወቀበት ሆፍነር አጭር ነው። ያስጠላኝ የሻጩ ምክንያት እንጂ መሣሪያው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1963 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ቤዝ ተጫዋች ቀረጻ ላይ ሳይመጣ ቀርቶ በሱ ቦታ ገብታ ቤዝ የጀመረችው ካሮል ኬይ ስንትና ስንት ዘፈን የቀዳችው በረጅሙ ነው። ይህን ለሻጩ አልነገርኩትም። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ወንድሜ፣ ለአጭሩ የሚሆን ክር አላችሁ?»

«ይመጣል» አለ።

«ይመጣል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ መድኃኒት ቤት የምሠራ ሰው በደንብ አውቃለሁ፤ እኔም ለደንበኞች በቀን አሥር ጊዜ የምለው ቃል ነው። አጭሩን መልሼ ሰጠሁት።

ሁለተኛው ባለ አምስት ክር ነበር፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። በመዝሙር ቡድኖች ውስጥ ባለ አምስቱ የሚወደደው በምክንያት ነው፤ ዘማሪው ድንገት ቅኝቱን ዝቅ ቢያደርግ ከታች ተጨማሪ ቦታ አለ። ነገር ግን የአምስተኛው ክር ድምፅ በሰከንድ 31 ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሚርገበገበው። እኔ በምገዛው ትንሽ አምፕሊፋየር ያ ድምፅ እንደ ሩቅ መኪና ጉርምርምታ እንጂ እንደ ኖታ አይወጣም። በዚያ ላይ ውስጡ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ማጉያ አለው። ገመዱን ሰክቶ የረሳ ሰው ባትሪውን በከንቱ ያባክናል። ባትሪውስ ይገዛል፤ ያቺ ትንሽ ሰሌዳ ብትበላሽ ማን ይሠራልኛል?

ሦስተኛው ጥግ ላይ ነበር። ያገለገለ ስኳየር፣ የፌንደር ርካሹ ወገን፣ በፕሪሲሽን ቅርጽ የተሠራ። ሊዮ ፌንደር ይህን ቅርጽ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ስሙን ያገኘው ከፍሬቶቹ ነው፤ እንደ ቆሞው ትልቅ ቤዝ ቦታውን በጆሮ መፈለግ ቀርቶ ጣት ሲያርፍ ኖታው በትክክል ይወጣል። ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ ደግነት የለም። አንድ ፒክአፕ፣ አንድ የድምፅ መጠን፣ አንድ የቃና መቆጣጠሪያ። የሚበላሽበት ብዙ ነገር የለውም። ክሩ ደግሞ ከየትኛውም አገር የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ተራ ክር ነው።

አንግቼው 20 ደቂቃ ቆምኩ። ሻጩ ሁለት ጊዜ «ተቀመጪ እንጂ» አለኝ፣ እንቢ አልኩ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል የትከሻ ሕመም መቼ እንደሚጀምር አውቃለሁ። አልጀመረም። ከዚያ ጋሼ ያዘዙኝን አደረግኩ። አምፕሊፋየር ላይ ሳልሰካ ከላይ እስከ ታች እያንዳንዱን ፍሬት በእያንዳንዱ ክር ነካሁ፤ ሦስተኛው ክር ላይ ሰባተኛው ፍሬት ትንሽ ዘመዘመ። አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥሬ በአንድ ዓይኔ አየሁት፣ አልተጣመመም። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳልጫን ነካ አድርጌ ያወጣሁትን ድምፅ፣ ተጭኜ ካወጣሁት ጋር አስተያየሁ፤ አንድ ናቸው። በመጨረሻ አገጬን ከእንጨቱ ጫፍ ላይ አሳርፌ ወፍራሙን ክር መታሁ። ጥርሴ ድረስ ገባ። ሻጩ እንደ እብድ አየኝ።

ያችን የምትዘመዝም ፍሬት ይዤ ተከራከርኩ። 33 ሺህ ላይ ተስማማን፣ ማንገቻውን መረቀልኝ። 9 ሺህ ለአሮጌ ትንሽ አምፕሊፋየርና ለገመድ ሄደ። የቀረውን 6 ሺህ ለእናቴ ሰጠኋት። ቆጠረችውና ምንም ሳትል መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። ዙሩ አልቆ እንደገና ሲጀመር የመጀመሪያው ዕጣ ለኔ እንዲሰጠኝ የዕቁቡን ሰብሳቢ ለምኛቸው እሺ ብለዋል፤ ያ ገንዘብ የሮቶው ነው።

አሁን አራተኛ ወሬ ነው። የጣቶቼ ጫፍ ውኃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ ደንድኗል። ክኒን ስቆጥር ይሰማኛል። ማታ ማታ ከሥራ ስገባ ግማሽ ሰዓት ያህል ትዝታን በዝግታ እወጣና እወርዳለሁ፤ ጋሼ ከዚያ ውጪ እንድነካ ገና አልፈቀዱልኝም። ሦስተኛውን ክር ክፍቱን ስመታው ከግድግዳው ማዶ የእናቴ ሲኒዎች ረከቦቱ ላይ ይንጫጫሉ። መጀመሪያ ሰሞን እየመጣች በሩን ትቆረቁር ነበር። ባለፈው እሑድ ስገባ ከሲኒዎቹ ሥር ወፍራም ጨርቅ አንጥፋ አገኘኋት።